ቁልቁለቱ ላይ ጠይቄህ ነበር

ገሜ ሆዴ፣

ጥር ሳያልቅ ነው የተለየኸን፤ አሁን ፋሲካም አለፈ፣ ግንቦትም ገባ። ሜዳው ላይ ዝናብ ጥሎ ሣሩ አንሰራርቷል፣ ላሞቹ ወተት ጨምረዋል፣ ለልቅሶ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመልሷል። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ደህና አይደለሁም። ለሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ነው የምኖረው፤ አንተን ግን ዋሽቼህ ስለማላውቅ እውነቱን ልንገርህ፣ ደህና አይደለሁም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይጻፍ ታውቃለህ። ፓስተራችን ቢሰሙ ቁጭ አድርገው ይመክሩኛል፤ እናትህ ቢሰሙ ደግሞ ከደብዳቤ ይልቅ ሻማ አብሪለት ይሉኛል። እኔ በሁለቱ መሀል የልጃችንን የሲፈንን እርሳስ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሌላ መሄጃ አጣሁ። በመጪው እሁድ ሽማግሌዎች ቤታችን ተሰብስበው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ የምመልሰው የለኝም። መልሱ ካለም ያለው አንተ ጋ ነው። ወደሱ ከመግባቴ በፊት ግን የቤቱን ወሬ ላውራህ፤ አለዚያ እንደ ድሮው «መጀመሪያ ሰላም በይኝ እንጂ» ብለህ ታኮርፋለህ።

አዮ ደህና ናቸው፤ ማለቴ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ላሞቹን ያልባሉ። እናትህን እስካሁን አዮ ነው የምላቸው፣ እሳቸውም ልጄ እንዳሉኝ ናቸው። ጠዋት ሲያልቡ ግን ግንባራቸውን የላሟ ጎን ላይ ደገፍ አድርገው ይቆያሉ፤ አልበው ከጨረሱም በኋላ አይነሱም። ላሟም ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ ዝም ብላ ትቆምላቸዋለች። ዓቢይ ጾም ሲገባ እንደ ወትሮው አዲስ አበባ ላይ ወተት ፈላጊ ጠፋ፤ እሳቸውም እየናጡ ቅቤ ሲያደርጉት ከረሙ። ለኔና ለሲፈን ግን በየቀኑ አንድ ጆግ ወተት ለይተው «ይሄ የጴንጤዎቹ ድርሻ ነው» እያሉ ያስቀምጡ ነበር። በዚህ ቀልድ የምትስቀው አንተ ነበርክ። ዘንድሮ ብቻቸውን ቀልደው ብቻቸውን ሳቁ፣ ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ሲፈን አድጋለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሳቋ ሁሉ ነፋስ ሆኗል። ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከአያቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ስትናደድ በሁለቱም ታወራለች። ስላንተ ግን በየትኛውም አታወራም። የቀብርህ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ጠፍታብኝ ስፈልጋት፣ ከቤቱ ጀርባ ቆማ የሞተር ሳይክልህን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውል አገኘኋት። አላለቀሰችም። ከዚያም ወዲህ አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም። አባ የሚለውን ቃል እንደ ትኩስ ነገር ነው የምትሸሸው።

ሞተር ሳይክልህን አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ሳቅ፣ ግዴለም። አንተ ያስተማርከኝ መውረድ ብቻ ነበር፤ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ከኋላዬ ተቀምጠህ፣ መሪና ፍሬን ብቻ አስይዘህ። «ዳገቱን ሌላ ጊዜ» ትለኝ ነበር። ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ ቀረና መውረድ እንጂ መውጣት የማትችል ሾፌር ሆኜ ተገኘሁ። ማርሽና ፍሪሲዮኑን ወንድምህ ቶለሳ ሜዳው ላይ አስተማረኝ። ሰው አልገጨሁም፤ የጎረቤት አጥር ግን ገጭቻለሁ፣ ቶለሳም እንደገና እስኪያጥርላቸው ድረስ ሲረግመኝ ዋለ። በመጀመሪያው ሰሞን ቀሚሴን በሱሪ ላይ ደርቤ የወተት ቢዶን ግራና ቀኝ ጭኜ በአስፋልቱ ሳልፍ የሻይ ቤቱ ወንዶች ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ያዩኝ ነበር። አሁን ለምደውኛል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ዘገየሽ» ይሉኛል፤ እሱም ያስለቅሰኛል፣ ላንተ ይሉት የነበረው ነውና።

አንድ ነገር ግን አላደርግም ነበር። ካንተ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ አላውቅም። ነዳጅ ቢጠፋም፣ ቶለሳ «ምን አስጨነቀሽ፣ አጥፍተሽ ውረጂ» ቢለኝም፣ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ድረስ ሞተሩን እያስጮህኩ ነው የምወርደው። ዝምታውን ፈርቼ ነው።

ሞተሩን ለማጥፋትህ ለሰው የምትሰጠው ምክንያት ብዙ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ወተት ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ «ወተቱ በሞተሩ ንዝረት እየተናጠ ቅቤ እንዳይሆንብኝ» ትላለህ። ባዶ ቢዶን ይዘን ወደ ሱሉልታ ስንመለስ ደግሞ «ነዳጅ በሰልፍ ነው የሚገኘው» ትላለህ። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ሥራ ነው ብሎ ሲቆጣህ «ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው» አልከው። «በሬ መሰለችህ እንዴ?» አለና መቆጣቱን ረስቶ ሳቀ። ያልካቸው ምክንያቶች ሁሉ ውሸት አልነበሩም። ዋናውን ግን እኔና አንተ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ሌላ የምናወራበት ቦታ አልነበረንም።

አንድ ክፍል ቤት፣ መሀሉ ላይ መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲያ እናትህና ቶለሳ፣ አንዳንዴም ከገጠር የመጣ እንግዳ፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔና አንተ፣ በመሀላችን ሲፈን። ብንስቅ ይሰማል፣ ብንኳረፍም ይሰማል። እናትህ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ጆሯቸው ግን አይተኛም። እኔ ቅቤና አይብ ታቅፌ ከኋላህ እየተቀመጥኩ ገበያ መሄድ ስጀምር ነው ባልና ሚስት የሆንነው ብል ማጋነን አይሆንም። የልባችንን ድምፃችንን ሳንደብቅ የተናገርነው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን ያጠፋኸው እኮ ገና ሳንጋባ ነው። ሰበታ ፋብሪካ እሠራ በነበረ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ከመጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ እናትህን ላሳይሽ ብለህ በቡራዩ በኩል አዙረህ አመጣኸኝ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ስንደርስ ድንገት ሞተሩ ጸጥ ሲል የተበላሸ መስሎኝ «ኢየሱስ!» ብዬ ጮህኩ። አንተ ሳቅክብኝ። ከዚያ ሳትዞር «ሰበታ እያለሽ በሰው መሀል ልትነግሪኝ ያልቻልሽው ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ፤ ማንም አይሰማም፣ እኔም ፊትሽን አላይም» አልከኝ። አይ ገሜ! ሴት ልጅ አፍ አውጥታ እወድሃለሁ እንዳትል የሚይዛት ፊቷን የሚያይ ሰው መኖሩ መሆኑን እንዴት አወቅክ? ነገርኩህ። አንተም «እኔም» አልክ፣ ድምፅህ በነፋሱ እየተቆራረጠ።

ሞተሩ ሲጠፋ መጀመሪያ ጆሮዬ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ነፋሱ ይሰማል፣ ከዚያ የጎማው ድምፅ፣ ከዚያ አንተ። ጉንጬን ጀርባህ ላይ አድርጌ ስሰማህ ድምፅህ ካፍህ ሳይሆን ከጃኬትህ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ሲፈንን ማርገዜን የነገርኩህ እዚያ ነው፤ ኩርባውን ሰፋ አድርገህ አለፍክና እስከ ታች እየሳቅክ ወረድክ። ከእናትህ ጋር በተጋጨሁ ጊዜ ያለቀስኩት እዚያ ነው። አንተም አባትህ ሲሞት ስለተሰማህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራኸኝ እዚያ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የሞተር ድምፅ ስለማይሰሙ ከሩቅ ታፏጭላቸው ነበር፤ ጥሩምባ ያስደነግጣቸዋል ብለህ። እነሱም ሳይዞሩ ጥጋቸውን ይይዙልሃል። በቀደም አንዷ አስቁማኝ «ያ የሚያፏጨው ልጅ የት ሄደ?» አለችኝ። በእጄ ወደ ላይ አሳየኋት። ሸክሟን እንደተሸከመች ራሷን ነቀነቀች።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው ቀን ልምጣ። እስካሁን የፈራሁት እሱን ነው።

ሐኪም ቤት ወጣቱ ዶክተር ወረቀቱን ሳይሆን ዓይንህን እያየ ነበር የነገረህ። ጉበትህ መጎዳቱን፣ በሽታው መሰራጨቱን፣ ቀረ የሚባለው ጊዜ አጭር መሆኑን። አንተ «ገባኝ» አልከው፤ ጭራሽ ተነሥተህ አመሰገንከው። ሞተር ሳይክሏን እዚሁ ትተን በታክሲ እንሂድ ብልህ እምቢ አልክ። ጎንህን አንዳንዴ እየያዝክ ዳገቱን ወጣህ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ስንደርስ ቁልፉን አዞርክ፤ ጸጥ አለ።

የመጀመሪያውን ኩርባ አለፍን። ከዚያ ጠየቅኩህ። «ገሜ፣ አንተ ብትሄድ እኔ ምን ላድርግ? ሲፈንን ይዤ እዚሁ ሰዎችህ ጋ ልኑር ወይስ ወደ ወገኖቼ ልሂድ?» አልኩህ። ጮክ ብዬ ነው የጠየቅኩህ፤ አልሰማሁም አትለኝም። ጠበቅኩህ። ባሕር ዛፉ አለቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች መጡ፣ ውሾቹ ከኋላችን ሮጡ፣ አልመለስክም። ሜዳው ላይ ፍጥነታችን ሲያልቅ ሞተሩን አስነሣህ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ደግሞ መነጋገር እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን። ቤት ስንደርስ ሄልሜትህን እንኳ ሳታወልቅ ቢዶኖቹን አውርደህ ማጠብ ጀመርክ። ወተቱን አስረክበን ገበያ ላይ ያጠብናቸው፣ ንጹሕ ቢዶኖች። በር ላይ ቆሜ ሳይህ፣ ሞትህን ሰምቼ የመጣሁ ሴት፣ ካዘንኩብህ ይልቅ ተናደድኩብህ። ይኸው እስካሁን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲያ ሞተር ሳይክሏ ላይ አልወጣህም። ሕመሙ ተቻኮለ። ቤቱ በጠያቂ ተሞላ፤ መጋረጃው ተገልጦ ተሰቀለ፣ ወንበር ከጎረቤት መጣ፣ እኔና አንተ ብቻችንን የሆንንበት ጊዜ ጠፋ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጅህን ይዤ አፌን ስከፍት አዮ አጥሚት ይዘው ገቡ። በማግስቱ ሰው መለየት ተውክ። እኔንም።

አሁን ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

ወንድሜ ማርቆስ ከሆሳዕና ለቀብርህ መጥቶ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሊወስደኝ ተመለሰ። እኅቴ ባሏ በሌለበት የሰው ቤት ስታገለግል አትኖርም፣ ልጇን ይዛ ወደ ወገኖቿ ትምጣ ይላል። አዮ ደግሞ የልጄ ልጅ በአባቷ ደጅ ነው የምታድገው፣ ታደለችም ልጄ ናት፣ ልጄን ለማን ነው የምሰጠው ይላሉ። እኔን በኦሮምኛ «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው ሲጠሩኝ ልቤ ይከፈላል፤ ወንድሜም ፊቴን አይቶ «ከስተሻል» ሲለኝ ይከፈላል። አንዳቸው ክፉ ቢሆኑልኝ ምን ነበር! ከክፉው ሸሽቼ ወደ ደጉ እሮጥ ነበር። ሁለቱም ይወዱኛል፣ በመውደዳቸው መሀል ልገነጠል ነው።

ቃላቸው ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል ያባትህ ወዳጅ ኦቦ ድሪባ ገብተው አበረዱት። ሟች የተናዘዘው ካለ ከሁላችንም ቃል የሱ ይቀድማል አሉ። አዮ እሺ አሉ፣ ማርቆስም እሺ አለ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አልጋህ ላይ እንዳልተናዘዝክ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እዚያ ነበረ። ኦቦ ድሪባም ወደኔ ዞረው «ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ። በመንገድ ላይ ምን አለሽ?» አሉኝ። እኔም «እሁድ እነግራችኋለሁ» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቅ። ይኸው አሁን ሁሉም አንድ ቃል ደብቄ የያዝኩ መስሏቸው እየተጠነቀቁ ያናግሩኛል።

ገሜ፣ ያንተ ቃል እኔ እጅ ላይ ወድቋል፣ ግን ባዶ ነው። «እዚሁ ቆዪ አለኝ» ብል ማርቆስ ሰው ነው፣ ቃልህን አክብሮ ይሄዳል። «ወደ ወገኖችሽ ሂጂ አለኝ» ብል አዮ እያለቀሱ የሲፈንን ልብስ ያጣጥፉልኛል። ሁለቱንም ተለማምጄዋለሁ። በረቱ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ያንተን አነጋገር አስመስዬ፣ ሁለቱንም አልኩ። ሁለቱም አንተን መሰሉ! ይሄ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። ምንም አላለም ብዬ እውነቱን ብናገር ደግሞ ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ አውቃለሁ። ልጅ የአባቷ ወገን ናት፣ እናቲቱ እንደ ፍላጎቷ ትሁን ይባላል። ፊት ለፊቴ ማንም አላለውም፤ ከጎረቤት አፍ ግን ሰምቼዋለሁ።

ለመንኩህ እኮ። አዮ በህልማቸው አይተውሃል፤ ነጭ ለብሰህ በረቱ በር ላይ ቆመህ ነበር አሉ። ቶለሳም አይቶሃል፣ ጎማ ስትለጥፍ። ለኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣህም። ለሁሉም ስትመጣ እኔን ምን አስቀየምኩህ? በህልም አያምንም የሚሉት ሃይማኖቴ እንኳ አላስቆመኝም፤ እየተኛሁ «ዛሬ ና፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ሂጂ ወይም ቆዪ» እልሃለሁ። ጠዋት ባዶ እጄን እነሣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲፈንን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ ጫማዋ ጠቧት ነበር። ስንመለስ እንጦጦ ጫፍ ላይ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ «እማ፣ እንደ አባ አጥፊው» አለችኝ። ከጥር ወዲህ አባ ስትል መጀመሪያዋ ነው። እንዴት እምቢ ልበላት? ቁልፉን አዞርኩ።

ያ የፈራሁት ዝምታ መጣ። ትንንሽ እጆቿ ሆዴ ላይ ተቆላልፈዋል። ትንሽ ወረድን፣ ከዚያ ልጅህ ማውራት ጀመረች። ገሜ፣ ያቺ አንደበቷ ተዘግቶ የከረመች ልጅ! ስለ መምህሯ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አዲሱ ጥጃ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አባት የለሽም ብላ ስላሾፈችባት ልጅ። አፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ስለምታወራ ትንፋሿ በሹራቤ ውስጥ ይሞቀኝ ነበር። ከዚያ «እማ፣ አባ በመንገድ ላይ ምን አለሽ? እኔን የት ትኑር አለ?» አለችኝ።

ለካ ሁሉን ስትሰማ ነው የከረመችው።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። እጆቼ መሪውና ፍሬኑ ላይ ናቸው፣ መጥረግ አልችልም። ኩርባው ፊቴ ነው፣ ከታች አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል፣ መዞር አልችልም። ድምፄን ባወጣ ልቅሶ እንደሚሆን አውቄአለሁ፤ ልጄ ትደነግጣለች። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እሷ ትጠብቃለች። መጠበቋ በእጆቿ ይታወቀኛል፤ ጨበጥ፣ ላላ፣ ጨበጥ ይላሉ።

ያኔ ገባኝ ገሜ። እንዲህ ሆነህ ነበር! ሄልሜቱን ያላወለቅከው፣ የታጠበውን ቢዶን መልሰህ ስታጥብ የቆየኸው ለዚህ ነበር። ጉንጬ ጀርባህ ላይ እያለ ጀርባህ ሲንቀጠቀጥ የመንገዱ ጉድጓድ መስሎኝ ነበር። ሰምተኸኝ ነበር። ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚደርሰው ዝምታው ብቻ ነው። መልስ ነፍገኸኝ አይደለም፤ መልስ አልነበረህም፣ ሞትህን ገና በዚያ ጠዋት የሰማህ ሰው ከየት ታምጣው?

ይህን ማወቄ አሳረፈኝ እንዳልልህ። ንዴቴ ሲወጣ ቦታውን የያዘው ነገር የባሰ ነው። ብቻህን ነበር ያለቀስከው፣ እኔ አቅፌህ ተቀምጬ! ለምን አላቆምክም? ዳር ይዘህ ብታቆም፣ ብትዞርልኝ፣ አብረን እናለቅስ ነበር። ቁልቁለት መሀል ማቆም አትወድም ነበር፣ ፍጥነቷ ከተቋረጠ ሜዳው ድረስ አታደርስም ትል ነበር። ባታደርሰንስ ምን ነበረበት፣ በእግራችን አንሄድም?

እኔ አቆምኩ። ዳር ይዤ መደገፊያዋን አወረድኩ፣ ሄልሜቴን አወለቅኩ፣ ወደ ልጄ ዞርኩ። ሲፈን ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ካንተ በኋላ ሳለቅስ አሳይቻት አላውቅም፣ እንዳትሰበር ብዬ። «አባትሽ ምንም አላለም። አለቀሰ» አልኳት። «በጣም?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ያን ጊዜ ልጅህ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ይዛው የከረመችውን ሁሉ ለቀቀችው። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከዚያች ትንሽ ሰውነት ይወጣል አልልም ነበር። አቅፌአት አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ደርሰው ቆሙ፤ አንዷ ሸክሟን አውርዳ አጠገባችን ተቀመጠች፣ ምን ሆናችሁ ሳትል፣ እኛ እስክንጨርስ ድረስ። ከዚያ ሦስታችን ሞተር ሳይክሏን ገፍተን ወደ ቁልቁለቱ መለስናት።

እሁድ ኦቦ ድሪባ ሲጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ጠየቅኩት፣ ሰማኝ፣ አለቀሰ፣ ሌላ ቃል የለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ያንተ ቃል ከሌለ የምደገፈው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ልጅቷ ትቅር የሚል ቢነሣ ግን ተነሥቼ እምቢ እላለሁ፤ በሰው ፊት ድምፅ አሰምቼ የማላውቀው እኔ። ያንን ገሜ ብሏል ብዬ አልናገርም፣ እኔ ታደለች ብያለሁ ብዬ ነው የምናገረው። እዚህ እንደምኖር ወይም እዚያ እንደምሄድ ገና አላውቅም። ከልጄ እንደማልለይ ግን አውቃለሁ፣ ለዛሬ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።

ያንን ጥያቄ ሁለተኛ አልጠይቅህም፣ ዕረፍ ሆዴ። በህልሜም ባትመጣ አልቀየምህም። ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም የየፍላጎቱን ቃል ባፉ ያስቀምጥለታል፤ አንተንም ካሁኑ ጀምረውሃል፤ ገመቹ ይሄን ይወድ ነበር፣ ገመቹ ይሄን ይጠላ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን እስክሞት ድረስ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። ለሲፈንም እንደነበርክ እነግርልሃለሁ፤ ያልከውን እንዳልከው፣ ዝም ያልከውንም ዝም እንዳልከው። ብቸገርም፣ ብሸነፍም፣ ካፍህ ያልወጣ አንዲት ቃል አልጨምርብህም።

ያንተዋ ታዱ